ለዌብሳይታችሁ ልክ የሆነ ሆስቲንግ እንዴት ትመርጣላችሁ? ለወሎ ነጋዴዎች፣ አስጎብኚዎችና ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ደሴ ላይ ሱቅ ያለው፣ ላሊበላ ላይ አነስተኛ ሆቴል የያዘ፣ ኮምቦልቻ ላይ የግል ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ዌብሳይት ለማሠራት ሲነሳ አንድ ቦታ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። የትኛውን ሆስቲንግ ልግዛ? ሆስቲንግ ማለት የዌብሳይታችሁ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቦታ፣ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ውስጥ መከራየት ነው። ሻጩ ሦስት ወይም አራት ፓኬጅ ደርድሯል። መካከለኛው ላይ «በብዛት የሚመረጥ» የሚል ምልክት ለጥፏል። ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ቃሉም እንግዳ ነው። ሰውም «በኋላ ቢያንሰኝስ?» ብሎ ይፈራና ትልቁን ይገዛል።

አብሽሩ። ለአብዛኛው ትንሽ ንግድ ትንሹ ፓኬጅ ይበቃል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ማደግ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን ከፍሎ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ መውረድ ግን ያስቸግራል፤ አስቀድማችሁ የከፈላችሁትን የሚመልስላችሁም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከታች ጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ለዚህ ደግሞ ፍላጎታችሁን በቁጥር ማወቅ አለባችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

1. መጀመሪያ ነገር፣ ሆስቲንግ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ይህን ጥያቄ ሻጭ አይጠይቃችሁም። ደንበኞቻችሁ በሙሉ ደሴ ውስጥ ከሆኑ፣ ዕቃ የሚያዩትም በቴሌግራም ቻናላችሁ ከሆነ፣ ጎግል ማፕ ላይ ሱቃችሁን በነፃ ማስመዝገብ ለጊዜው ይበቃችሁ ይሆናል። ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ሰዓት፣ ፎቶ፣ አድራሻ ይይዝላችኋል።

ዌብሳይቱ አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ከሆነና ይዘቱ ብዙም የማይቀያየር ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እንደ ክላውድፍሌር ፔጅስ ያሉ አገልግሎቶች እንዲህ ያለውን ቋሚ ገጽ በነፃ ያስቀምጣሉ። የምትከፍሉት ለዶሜይኑ፣ ማለትም ለዌብሳይቱ አድራሻ ስም፣ ብቻ ነው። ጊትሃብ ፔጅስም ነፃ ነው፤ ግን ደንቡ ለኦንላይን ንግድ ማስኬጃ መጠቀምን ይከለክላል፤ ለግል ገጽ ወይም ለበጎ አድራጎት ሥራ ይሻላል። ሁለቱንም ለማዘጋጀት ትንሽ የቴክኒክ እውቀት ያስፈልጋል። የሚሠራላችሁን ልጅ «ቋሚ ገጽ አድርገህ በነፃው ላይ ልታስቀምጠው ትችላለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከቻለ የሆስቲንግ ወጪ የለባችሁም።

ዎርድፕሬስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ራሳችሁ ገብታችሁ ጽሑፍና ፎቶ የምትቀያይሩ ከሆነ፣ የቦታ ማስያዣ ቅጽ ወይም በድርጅቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል ከፈለጋችሁ ግን መክፈል አለባችሁ። ቀጥሉ።

2. ቦታውን አስሉ

ስንት ጊጋ ያስፈልጋችኋል? አንድ የላሊበላ ሆቴልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ዎርድፕሬስ ራሱ፣ ከዲዛይኑና ከፕለጊኖቹ (አገልግሎት ከሚጨምሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ጊጋ አያልፍም። ጽሑፉ የሚከማችበት ዳታቤዝ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ቀጥሎ ፎቶ አለ። ሆቴሉ የክፍሎቹን፣ የግቢውን፣ የቁርሱን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን 150 ፎቶ ጫነ እንበል። ስልክ ያነሳው ፎቶ አንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። እንዳለ ከተጫነ 600 ሜጋባይት ነው። ጎኑ ወደ 1600 ፒክስል ተቀንሶ ከተጫነ ግን አንዱ ወደ 250 ኪሎባይት ይወርዳል፤ 150ው ተደምሮ 40 ሜጋባይት አይሞላም። ዎርድፕሬስ ከእያንዳንዱ ፎቶ ትናንሽ ቅጂዎችን ስለሚያወጣ እጥፍ አድርጉት። አሁንም 100 ሜጋባይት አይሞላም። ዓይን ልዩነቱን አያይም።

ቦታ የሚበላው ሳይታሰብ የሚቀረው ኢሜይል ነው። የኢሜይል ሳጥኖቹ ብዙውን ጊዜ ያንኑ የሆስቲንግ ቦታ ነው የሚካፈሉት። ለባለቤቱ፣ ለሪሴፕሽንና ለሒሳብ ሦስት ሳጥን ከተከፈተ፣ ለእያንዳንዱም 1 ጊጋ ከተመደበ 3 ጊጋ ሄደ። ፓስፖርት ኮፒና የክፍያ ደረሰኝ በአባሪ እየመጣ ሲከማች ይሞላል።

ድምሩ 4 ጊጋ አይሞላም። መተንፈሻ ስንጨምርለት 5 ጊጋ ነው፣ በጣም ከተጠነቀቅን 10። ታዲያ 100 ጊጋ የሚል ፓኬጅ ለዚህ ሆቴል ምን ያደርግለታል? ምንም።

ቪዲዮ ካላችሁ ሆስቲንጋችሁ ላይ አትጫኑት። ዩቲዩብ ላይ አስቀምጣችሁ ገጻችሁ ላይ አገናኙት። ቦታም ትራፊክም (ከዌብሳይቱ ወደ ጎብኚው የሚወርደው ዳታ) ይተርፍላችኋል።

3. ትራፊኩን አስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀን የሚመጣ ሰው ብዛት፣ ሲባዛ አንዱ ሰው በሚያየው ገጽ ብዛት፣ ሲባዛ በአንዱ ገጽ ክብደት።

ሆቴላችን በአዘቦት ጊዜ በቀን 60 ሰው ያየዋል እንበል። እያንዳንዱ 3 ገጽ ይከፍታል። ገጹ 2 ሜጋባይት ይመዝናል። በቀን 360 ሜጋባይት፣ በወር 11 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው።

የወሎ ሥራ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ላሊበላ ለገና ትሞላለች፤ ክፍል የሚፈልገው እንግዳ ደግሞ ከሳምንታት ቀደም ብሎ መፈለግ ይጀምራል። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ለተጓዥ መኪናና ማደሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ሥራው የሚበዛው ከዚያ በፊት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ምዝገባ ሲከፈትና ውጤት ሲለጠፍ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሁለት ስሌት ሥሩ፤ አንዱ ለአዘቦቱ፣ አንዱ ለሰሞኑ።

የገና ሰሞን በቀን 400 ሰው መጣ እንበል። 400 በ3 በ2 ሜጋባይት ስታባዙት በቀን 2.4 ጊጋ ነው። ወሩን ሙሉ እንዲህ ቢቀጥል 72 ጊጋ ይሆናል። አሁን የገጹን ክብደት ከ2 ሜጋባይት ወደ 800 ኪሎባይት አውርዱት። ያው 400 ሰው፣ ያው 3 ገጽ፣ ወሩ ከ29 ጊጋ አያልፍም። ፎቶ ማሳነስ ብቻውን ከአንድ ፓኬጅ ዕድገት ያድናችኋል።

ይህን ደጋግሜ የማነሳው ለቁጠባ ብቻ ብዬ አይደለም። ወልድያም ሆነ መካነ ሰላም ያለ ደንበኛ ገጻችሁን የሚከፍተው ከራሱ ኪስ በገዛው የሞባይል ዳታ ነው። አምስት ያልተቀነሱ የስልክ ፎቶዎችን አንድ ገጽ ላይ ከደረደራችሁ 20 ሜጋባይት አስወረዳችሁት። ኔትወርኩ ደከም ካለ ደግሞ ገጹ ሳይከፈት ትቶት ይሄዳል። ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ይህን አያስተካክልም። ፎቶን ዌብፒ በሚባለው ክብደቱ ቀላል የፎቶ ፋይል ዓይነት መጫንና ቀለል ያለ ዲዛይን መምረጥ ያስተካክለዋል።

ዌብሳይት ካላችሁ ግምቱን ተዉትና ትክክለኛውን ቁጥር እዩ። ሲፓናል በሚባለው የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ ውስጥ የትራፊክና የቦታ አጠቃቀማችሁ ተጽፎ ይገኛል።

4. በትልቁ ያልተጻፉትን ገደቦች ጠይቁ

«ያልተገደበ ቦታ፣ ያልተገደበ ትራፊክ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ያልተገደበ ሰርቨር የለም። ገደቡ በደንቡ ውስጥ «ተገቢ አጠቃቀም» በሚል ርዕስ ሥር ይቀመጣል፣ ወይም በሌላ ስም ይመጣል።

አንደኛው ስም አይኖድ ነው። የፋይል ብዛት ማለት ነው። አንድ ፎቶ አንድ ፋይል ነው፤ ሳጥናችሁ ውስጥ ያለ አንድ ኢሜይልም በአብዛኛው አንድ ፋይል ነው። ቦታው ገና ግማሽ ሳይሞላ የፋይል ቁጥሩ ሊሞላ ይችላል። ያኔ ፎቶ መጫን እምቢ ይላችኋል፣ ኢሜይል መግባት ያቆማል። የድሮ ኢሜይልና የተረሳ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ማጽዳት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚስተናገድ ጥያቄ ብዛት ነው፤ ኢንትሪ ፕሮሰስ ይሉታል። 20 የሚል ቁጥር ስታዩ «20 ሰው ብቻ ነው የሚያየኝ» ብላችሁ አትደንግጡ። የሚቆጠረው ሰርቨሩ ገጹን እያዘጋጀ ያለበት ቅጽበት ብቻ ነው። አንድ ገጽ በግማሽ ሰከንድ ከተዘጋጀ 20ው ቦታ በሰከንድ እስከ 40 ገጽ ሊያስተናግድ ይችላል። ገጹን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ቦታ አይዝም። በተግባር ቀድሞ የሚያልቀው የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻችሁ ሊሆን ስለሚችል የሁለቱንም ቁጥር ጠይቁ። ለዎርድፕሬስ 1 ጊጋ ሜሞሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ገደቡ ሲያልፍ ጎብኚው 508 ወይም 503 የሚል የስህተት ቁጥር ያያል። ይህ ከመጣ ወዲያው ፓኬጅ ለማሳደግ አትሩጡ። መጀመሪያ ካሽ የሚባለውን አብሩ። የተዘጋጀውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ ይሰጣል፤ ሰርቨሩም በየጊዜው እንደ አዲስ አይለፋም።

ለሻጩ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል እንዲህ ብላችሁ ላኩለት (ኤስኤስኤል የሚባለው በዌብሳይታችሁና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚመሰጥረው ነው)፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ፓኬጅ የፋይል ብዛት ገደቡ ስንት ነው? የሜሞሪና የፕሮሰሰር ድርሻውስ? ባክአፕ በየስንት ቀኑ ይወሰዳል፣ ለመመለስስ ይከፈላል? ኤስኤስኤል ነፃ ነው? ከአንድ ዓመት በኋላ ማደሻው ስንት ነው? በመሃል ወደ ትልቁ ባድግ ልዩነቱን ብቻ ነው የምከፍለው?»

መልሱን ብቻ ሳይሆን የመለሱበትን ፍጥነትም እዩ። ገንዘብ ሳይቀበሉ ሦስት ቀን የቆዩ ሰዎች ዌብሳይታችሁ ሲጠፋ ይፈጥናሉ ብዬ አልጠብቅም።

5. ሼርድ ወይስ ቪፒኤስ?

ሼርድ ሆስቲንግ ማለት አንድን ሰርቨር ከብዙ ሰው ጋር መጋራት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደ መከራየት ነው፤ ጥበቃውና ጥገናው የሌላ ሰው ጣጣ ነው። ለሱቅ፣ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ማስተዋወቂያ ገጽ ይህ ይበቃል።

ቪፒኤስ የራሳችሁ ድርሻ ያለው ምናባዊ ሰርቨር ነው። ዋጋው ሲታይ ያታልላል። በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር የሚጀምር አለ። ይህ ግን ባዶ ማሽን ነው። ማደስ፣ መጠበቅ፣ ባክአፕ መውሰድ የእናንተ ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆን ባለሙያ በቋሚነት ከሌላችሁ አትግቡበት። ሻጩ ራሱ የሚንከባከበው ቪፒኤስ አለ፤ ዋጋው ግን በጣም ይጨምራል።

ቪፒኤስ የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁን ሶፍትዌር ስታስኬዱ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ሲስተም ሲኖራችሁ፣ ወይም ካሽ በርቶም ገደቡ በየሳምንቱ ሲያልፍ ነው። ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ እየገቡ የየራሳቸውን ውጤት የሚያዩበት ትምህርት ቤት ለምሳሌ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ገጽ የተለየ ስለሆነ ካሽ ብዙም አይረዳም። ለዚያ ለአንድ ሳምንት ሲባል ግን ዓመቱን ሙሉ ቪፒኤስ መክፈል የለበትም። በወር የሚከፈል ከፍ ያለ ፓኬጅ ለዚያ ወር ብቻ መውሰድ፣ ወይም ውጤቱን በክፍል በክፍል በተለያየ ሰዓት መልቀቅ ይቻላል። ሁለተኛው ነፃ ነው።

6. ዋጋውን በሦስት ዓመት አስሉ

ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው።

በትልቁ የተጻፈው ዋጋ የመጀመሪያው ጊዜ ቅናሽ ነው። ብዙ ጊዜም የሚሰጠው የሁለትና የሦስት ዓመቱን በአንድ ላይ ለከፈለ ነው። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ የማደሻ ዋጋው ነው። በምሳሌ እንየው። አንዱ ሻጭ ለመጀመሪያው ዓመት በወር 3 ዶላር ይላል፣ ማደሻው 10 ዶላር ነው። ሌላው ሁልጊዜ 5 ዶላር ነው። አንደኛው በሦስት ዓመት 36፣ 120 እና 120፣ ድምሩ 276 ዶላር ነው። ሁለተኛው 180 ዶላር ነው። ርካሽ የመሰለው በ96 ዶላር በለጠ።

ለእኛ ደግሞ የዶላሩ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የተዋዋለ ሰው የሆስቲንጉ ዋጋ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ግን እጥፍ ሊሆን ተቃረበበት። ስለዚህ ከውጭ የምትገዙ ከሆነ የሚቀጥለውን ዓመት ማደሻ በዛሬው ምንዛሪ አታስሉት፤ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።

አገር ውስጥ ያሉ ሻጮች በብር፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይቀበላሉ። ኢትዮ ቴሌኮምም የሆስቲንግ አገልግሎት አለው። ከውጭ ለመግዛት ለውጭ ምንዛሪ ክፍያ የተፈቀደ ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ የሌለው ብዙ ሰው አሜሪካ ወይም አረብ አገር ያለ ዘመድ ይከፍልለታል። ይህ ችግር የለውም። ግን አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፤ ዘመዳችሁ ካርዱን ብቻ ያስገባ። አለበለዚያ የማደሻ ማስጠንቀቂያው ለእሱ ይሄዳል፣ ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ እናንተ የምታውቁት ዌብሳይቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከምታውቁት ሻጭ ስትገዙ ሦስት ዓመት አትክፈሉ። የወር ወይም የአንድ ዓመት ውሰዱ። ገንዘብ መመለሻ ጊዜ አለን የሚሉ ካሉ፣ ብዙ ጊዜ የዶሜይኑን ዋጋ እንደማይመልሱ እወቁ።

የክፍያው ገጽ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ያልጠየቃችሁት ነገር ተመርጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የሚከፈልበት ኤስኤስኤል ካዩ አጥፉት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነፃ ሰርቲፊኬት ለሱቅም ለሆቴልም ይበቃል፣ በራሱም ይታደሳል። «ጎግል ላይ ከፍ እናደርጋችኋለን» የሚለውንም አጥፉት። ባክአፕ ግን ሌላ ነው፤ ፓኬጁ ውስጥ ከሌለ አስቡበት፣ ወይም በየወሩ ራሳችሁ ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ።

7. ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም ያዙ

ዶሜይን ከሆስቲንግ የተለየ ነገር ነው። «ከሆስቲንጉ ጋር ዶሜይን በነፃ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ከተቻለ ዶሜይኑን ከሌላ ቦታ ግዙ፤ ሆስቲንጉ ሲያስከፋችሁ ስማችሁን ይዛችሁ በቀላሉ ትወጣላችሁ። አዲስ የተመዘገበ ዶት ኮም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን ሻጭ) አይዛወርም፤ ሆስቲንግ ለመቀየር ግን ይህ አያግዳችሁም። በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ዶሜይን የሚፈልግ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይመዘገባል።

ዌብሳይቱን የሚሠራላችሁ ልጅ «ሁሉንም እኔ እይዝላችኋለሁ» ቢል አመስግናችሁ እንቢ በሉ። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል፣ ስልክ ሊቀይር ይችላል። ዶሜይኑ በእናንተ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ይቀመጥ።

ሰርቨሩ የት አገር ይሁን ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። እንግዶቻችሁ ከአውሮፓ የሚመጡ ከሆነ አውሮፓ፤ ደንበኞቻችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ከሆኑ አገር ውስጥ ያለው ይፈጥናል፣ የውጭው መስመር ሲቋረጥም ሊከፈት ይችላል። «አገር ውስጥ ሻጭ» ማለት ግን ሰርቨሩም አገር ውስጥ ነው ማለት አይደለም፤ ጠይቁ።

8. ከገዛችሁ በኋላ

በየሦስት ወሩ ሲፓናል ገብታችሁ ቦታውን፣ የፋይል ብዛቱንና ትራፊኩን እዩ። ከገደቡ 80 በመቶ በላይ ከሆነ አጽዱ፣ ካልሆነ እደጉ። ዓመቱን ሙሉ፣ የገናውንም ሰሞን ጨምሮ፣ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ የምትከፍሉት ለባዶ ነው።

ማደሻው 45 ቀን ሲቀረው ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። በራሱ የሚታደስ ከሆነ አጥፉትና በራሳችሁ ወስኑ፤ የዶሜይኑን ግን አታጥፉ። ለሻጩ ጻፉለት፣ ቅናሽ ወይም ወደ ትንሹ ፓኬጅ መውረድ ጠይቁ። ካልተስማማ ሌላ ቦታ ግዙና ፋይሉንና ዳታቤዙን ቅዱ። ብዙ አዳዲስ ሻጮች ይህን በነፃ ይሠሩላችኋል። አዲሱ ጋ በትክክል መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ሰርቨር አዙሩ። ለውጡ ሁሉ ጋ እስኪደርስ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል የሚላክ ኢሜይል ወደ ድሮው ሰርቨር ሊገባ ስለሚችል የድሮውን ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍት አድርጉት፤ የቀሩትን መልእክቶች ካወረዳችሁ በኋላ ዝጉት።